ከባድ በረዶ ሲጥል መንግሥት መኪና መንዳት ይከልክል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የበረዶው ወቅት ሲመጣ ከሚኒሶታ እስከ ቶሮንቶ፣ ከዋሽንግተን እስከ ስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን ተመሳሳይ ጭንቀት ይገጥማቸዋል። "ነገ ከባድ በረዶ አለ ተብሏል፤ ሥራ ልግባ ወይስ ልቅር?" አንዳንድ ጊዜ ባለሥልጣናቱ ራሳቸው "ማንም እንዳይነዳ" ብለው ይገላግሉናል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ውሳኔውን ለእኛ ትተው ዝም ይላሉ። እዚህ የሰበሰብኳቸው ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ በእኛ ነው።

በአጭሩ፣ ይከልክል ወይስ አይከልክል?

ይከልክል። ግን ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በዋዜማው ማታ ይከልክል። እኔ ዋናው ጉዳይ ሰዓቱ ነው ባይ ነኝ። ክልከላው በጊዜ ከታወጀ ሰው እቤቱ ያድራል፣ መንገዱም ለአምቡላንስና ለበረዶ ጠራጊ መኪና ይለቀቃል። ሰው ሥራ ከገባ በኋላ የመጣ ክልከላ ግን ሌላ ነገር ነው። መቆየትም መመለስም የማይችል ሰው በመሃል ይያዛል።

ይህን ለማየት የት እንመልከት?

ባፋሎን። ባፋሎ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ምዕራብ ጫፍ፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። በ2022 መጨረሻ፣ ሳምንታት ብቻ በሚለያዩ ጊዜያት፣ ሁለት ከባድ የበረዶ ማዕበል መታት። ካውንቲው (ከክፍለ ግዛት በታች ያለው አስተዳደር፣ እዚህ ኤሪ ካውንቲ) ያው ነው፣ አስተዳዳሪውም ያው፣ መኪኖቹም ያው። ውጤቱ ግን በጣም ተለያየ።

የመጀመሪያው ኖቬምበር 17 ሐሙስ ማታ ጀመረ። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ባለችው ኦርቻርድ ፓርክ በቀናት ውስጥ 2 ሜትር ያህል በረዶ ተከመረ። 2 ሜትር ማለት ሰው ቆሞ የሚሸፍን ነው። ነገር ግን የጭነት መኪኖች ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ከዋናው ሃይዌይ ታግደው ነበር። በዚያው ምሽት ደግሞ ካውንቲው ማንኛውም ሰው እንዳይነዳ ከለከለ። ስለዚህ ዋናው በረዶ የወረደው በአብዛኛው ባዶ በሆነ መንገድ ላይ ነው። ያን ያህል በረዶ ወርዶ የሟቾቹ ቁጥር ጥቂት ነበር። መጀመሪያ የተነገረላቸውም በረዶ ሲጠርጉ ልባቸው የቆመ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ዲሴምበር 23፣ ዓርብ፣ የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣ። የአየር ትንበያ ባለሙያዎቹ ቀናት ቀድመው በትውልድ አንዴ የሚያጋጥም ማዕበል ነው ብለው ነበር። የካውንቲው ክልከላ ግን ሐሙስ ማታ አልወጣም። ሥራ ላይ የዋለው ዓርብ ከጠዋቱ 3:30 ላይ ነው፤ በአገሩ ሰዓት 9:30 መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት የጠዋት ፈረቃ ሠራተኛ ገብቷል። የሌሊቱ ሠራተኛ ወደ ቤቱ እያመራ ነው። ለገና የጎደለውን ሊገዛ የወጣም አለ። ክልከላው ሊጀምር ሲል የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር፤ ውሽንፍሩም ወዲያው ዓይን ጋረደ።

ከዚያ በኋላ 37 ሰዓት ያለማቋረጥ ነፈሰ። ነፋሱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደበት ጊዜ ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያው የተለካው በረዶ 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረሰ። ልብ በሉ፣ ይህ ከኖቬምበሩ ያነሰ ነው። የከተማዋ የእሳት አደጋ መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም በረዶ ውስጥ ተቀረቀሩ። ሰው ደውሎ ሊደርሱለት አልቻሉም። በኤሪና በአጎራባቹ ናያግራ ካውንቲ 47 ሰው ሞተ። ገሚሱ መኪናው ውስጥ፣ ገሚሱ በእግሩ ሲሄድ መንገድ ላይ፣ ገሚሱ ማሞቂያ በጠፋበት ቤት፣ ሌላው አምቡላንስ ሲጠብቅ። በከተማዋ ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ።

የካውንቲው አስተዳዳሪ ማርክ ፖሎንካርዝ ውሳኔው የእርሳቸው መሆኑንና የሚወቀስ ካለም እርሳቸው መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ክልከላውን ማታውኑ ያላወጁት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ቤታቸው እንዲገቡ በማሰብ እንደነበርም ገልጸዋል። ሐሳቡ ለሠራተኛው የታሰበ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ለሌሊቱ ፈረቃ መውጫ ተብሎ የተተወው ሰዓት ለጠዋቱ ፈረቃ መግቢያ ሆነ። በዋዜማው ምሽት "ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማንም አይነዳም" ቢባል ኖሮ አሠሪዎች የሌሊቱን ፈረቃ አስቀድመው ይሰርዙት ነበር።

እኔ በረዶ ላይ መንዳት ለምጃለሁ፤ መኪናዬም ፎር ዊል ድራይቭ ነው። ለምን እከለከላለሁ?

ፎር ዊል ድራይቭ መኪናውን ለማስነሳት ይረዳል። ለማቆም ግን አይረዳም። ፍሬን ሲይዙ የእርስዎም የጎረቤትዎም መኪና እኩል ነው የሚንሸራተተው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ክልከላ የሚያስፈልገው ማዕበል የሚለየው በበረዶው ብዛት ብቻ አይደለም፤ በነፋሱና በዕይታው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት "ብሊዛርድ" የሚለው ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ዕይታው ከ400 ሜትር አንሶ፣ ይህ ቢያንስ ለ3 ሰዓት ሲዘልቅ ነው። ሲብስ ከመኪናዎ አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም። መንገዱን ካላዩ ልምድ ምን ይሠራል? በተጨማሪ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ሲደርስ ኃይሉ ይደክማል። ከዚያ በታች መንግሥትም የሚያደርገው ጥቂት ነው።

እሺ፣ ብሞትም የምሞተው እኔ ነኝ። መንግሥት ምን አገባው?

ይህ ጥያቄ ንቀት አይገባውም። ነፃነት ፍለጋ ለተሰደደ ሰው "እንዳትወጣ" መባል ደስ አይልም። ሰዓት እላፊ ያየ ሰው ደግሞ ቃሉን ሲሰማ ብቻ ይከፋዋል።

ግን በበረዶ ጊዜ የቆመ መኪና የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንዷ መኪና መሃል መንገድ ላይ ከቀረች በረዶ ጠራጊው ከኋላዋ ይቆማል። ጠራጊው ከቆመ አምቡላንሱ አያልፍም። አምቡላንሱ ካላለፈ እቤቷ ምጥ የያዛት ሴት፣ ኦክስጅን ያለቀበት ሽማግሌ ይጎዳሉ። ባፋሎ ላይ ማዕበሉ ካበቃ በኋላም ከተማዋን ለመክፈት ቀናት የፈጀው ተጥለው የቀሩ መኪኖች አንድ በአንድ እየተጎተቱ መውጣት ስለነበረባቸው ነው። በመጨረሻ የፖሊስና የወታደር ኃይል መንገድ ላይ ቆሞ ሰው እንዳይነዳ መከልከል ነበረበት።

እርስዎን ለማውጣት የሚመጣው ሰውም ልጆች አሉት።

በክልከላ ፈንታ ማስጠንቀቂያ ብቻ ቢሰጥ አይበቃም?

ለቀላሉ በረዶ ይበቃል። ለከባዱ ግን እንደማይበቃ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ለብዙዎቻችን ቅርብ የሆነውን ልጥቀስ። በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ወደ ሪችመንድ በሚወስደው አይ-95 ሃይዌይ ላይ፣ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ተገትረው አደሩ። አንዳንዱ ከ24 ሰዓት በላይ ቆየ። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን ራሳቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ 27 ሰዓት መኪናቸው ውስጥ ቆይተዋል። መጀመሪያ ዝናብ ስለዘነበ መንገዱን ቀድሞ ማከም አልተቻለም ነበር። ከዚያ በረዶው በፍጥነት ወረደ፣ ከባድ መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘጉ፣ ሌላው ሁሉ ከኋላ ተከማቸ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። ግን ሕፃን ይዞ፣ ውሃ ሳይኖረው፣ ቤንዚኑ እያለቀ ያደረ ብዙ ነው።

በረዶ የለመዱ አገሮችም አልዳኑም። ስዊድን ደቡብ ውስጥ በጃንዋሪ 2024 ኢ-22 በሚባለው መንገድ ላይ ወደ 1,000 መኪና ተቀርቅሮ ወታደር ሰዎችን አወጣ። ጃፓን ውስጥ በዲሴምበር 2020 ካንኤትሱ በተባለው ፈጣን መንገድ ከ2,000 በላይ መኪኖች ታግተው ነበር። ጃፓኖቹ ዛሬ ዛሬ ከባድ በረዶ ሲተነበይ መንገዱን ቀድመው ይዘጉታል።

ክልከላው ሠርቶ ያውቃል? ማስረጃ አለ?

ከላይ ያነሳሁት የባፋሎው ንጽጽር አንዱ ነው። ሌላው በፌብሩዋሪ 2013 ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካን የመታው ማዕበል ነው። የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ዴቫል ፓትሪክ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በክፍለ ግዛቱ ሁሉ መንዳትን ከለከሉ። ጥሰው ለሚነዱ እስከ አንድ ዓመት እስራትና 500 ዶላር ቅጣት አወጁ። ቦስተን ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ያለፈ በረዶ ወረደ፤ መንገዱ ግን ባዶ ነበር፤ ጠራጊዎቹ ሌሊቱን ሠርተው በማግሥቱ ክልከላው ተነሣ። በዚያው ማዕበል ክልከላ ባልነበረበት በኒውዮርኩ ሎንግ አይላንድ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች መንገድ ላይ ተቀርቅረው ሰዎች በውስጣቸው አደሩ።

ማሳቹሴትስ እንዲህ የጨከነችው ያለ ምክንያት አይደለም። በፌብሩዋሪ 1978 ማዕበሉ ሰውን ሥራ ላይ እያለ ያዘው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ወጣ። ቦስተንን በሚዞረው ሩት 128 ላይ ከ3,000 በላይ መኪኖችና ወደ 500 የጭነት መኪኖች በረዶ ውስጥ ተቀበሩ። መኪናቸው ውስጥ ሞተር አስነሥተው ሲሞቁ 14 ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ሞቱ። አገረ ገዥ ማይክል ዱካኪስ የግል መኪና እንዳይነዳ አገዱ፤ እገዳውም ለሳምንት ያህል ቆየ። ያኔ ግን የረፈደበት ነበር።

አትላንታንም እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል፤ ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው። በጃንዋሪ 28፣ 2014 የወረደው በረዶ 7 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ትምህርት ቤቱም ቢሮውም እኩለ ቀን ላይ በአንድ ጊዜ ሰውን አሰናበተ። መንገዱ ተዘጋ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርት ቤት አደሩ፣ ወላጆች መኪናቸውን ሃይዌይ ላይ ጥለው በእግራቸው ሄዱ። በረዶው ትንሽ ነበር። ሰዓቱ ነው የጎዳቸው።

ትንበያው ቢሳሳትስ? ያለ ምክንያት ከተማ ቢዘጋስ?

ይሳሳታል። በጃንዋሪ 2015 ኒውዮርክ ከተማ ላይ ታሪካዊ ማዕበል ይመጣል ተብሎ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ መንዳት ተከለከለ። በበረዶ ምክንያት ሰብዌዩን (የምድር ውስጥ ባቡሩን) መዝጋትም በታሪኩ የመጀመሪያ ነበር። ማዕበሉ ግን ወደ ምሥራቅ ሸሸት አለና ሴንትራል ፓርክ ላይ የወረደው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ቦስተን ላይ ደግሞ ከ60 በላይ ወረደ። ክልከላው ጠዋት 1:30 ላይ ተነሣ። አንድ የአየር ትንበያ ባለሙያ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ተቺዎችም ፖለቲከኞቹን አብጠለጠሏቸው።

እኔ ያንን ምሽት የምተቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰብዌዩን መዝጋታቸው አላስፈላጊ ነበር። ምድር ውስጥ የሚሄድ ባቡር በረዶ አያቆመውም፤ ያን ሌሊት እንኳ ሐዲዱን ለመጠበቅ ባዶ ባቡሮች ይመላለሱ ነበር። በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 23፣ 2016፣ ሌላ ማዕበል ሲመጣ ይህን አስተካከሉ። መንዳትን ከቀኑ 8:30 ጀምሮ ከለከሉ፣ ከመሬት በላይ የሚሄዱትን ባቡሮች አቆሙ፣ ምድር ውስጥ ያሉት ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ያን ቀን ሴንትራል ፓርክ ላይ የወረደው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ታሪካዊ ሪከርድ ነው።

ሌሊቱን ለስምንት ሰዓት ተኩል ያህል በከንቱ እቤት መቀመጥ ይካሳል። በመዘግየት የጠፋ ነፍስ ግን አይመለስም። ባለሥልጣን አንዴ ስቶ ስለተወቀሰ በሚቀጥለው ጊዜ ማመንታት የለበትም።

ማን ነው የሚከለክለው? ቅጣቱስ?

እንደ አገሩና እንደ ክፍለ ግዛቱ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ አገረ ገዥው፣ የካውንቲ አስተዳዳሪው ወይም ከንቲባው የአስቸኳይ ጊዜ አውጆ ማገድ ይችላል። ትእዛዙን እያወቁ መጣስ ቀላል ወንጀል ነው።

ኦሃዮ ውስጥ የየካውንቲው ሸሪፍ በሦስት ደረጃ ያውጃል። አንድ ሲባል መንገዱ አደገኛ ነው፣ ተጠንቀቁ ነው። ሁለት ሲባል የግድ ያልሆነበት አይውጣ፣ አሠሪውንም ይጠይቅ ነው። ሦስት ሲባል መንገዱ ከአደጋ ሠራተኞች በስተቀር ለሁሉም ዝግ ነው፤ የተገኘም ሊታሰር ይችላል። ኮለምበስ ያላችሁ ይህን ቁጥር ከልጆቻችሁ ስልክ ቁጥር እኩል እወቁት። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ከሁሉም የተሻለው አሠራር ይህ ነው። ሰው ደረጃው ከፍ ሲል እያየ ይዘጋጃል፤ ድንገት አይያዝም።

ሚኒሶታ አጠቃላይ ክልከላ ማወጅ አትወድም፤ መንገድ ትዘጋለች። የተዘጋ መንገድ ላይ የነዳ ግን እስከ 1,000 ዶላር ወይም እስከ 90 ቀን እስራት ሊጠብቀው ይችላል። የማውጫውንም ወጪ ሊከፍል ይችላል።

መንገዱን ክፍት መተው ወይም መዝጋት ብቻ ነው ያለው ምርጫ?

አይደለም። ኖርዌይ ያለው ግሩም ነው። እንደ ሃርዳንገርቪዳ ባሉ ተራራማ መንገዶች ላይ አየሩ ሲከፋ መንገዱ በመከለያ ይዘጋና መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከዚያ በረዶ ጠራጊ ከፊት እየመራ በአጀብ ያሳልፋቸዋል። ጭራሽ ሲብስ አጀቡም ይቀራል። ጀርመን ደግሞ በረዷማ መንገድ ላይ በክረምት ጎማ ብቻ እንዲነዳ ሕግ አላት። ትልቅ ከተማ ውስጥ አጀብ አይሠራም። ለረጃጅም የገጠር መንገዶች ግን ሌሎችም ቢማሩት እወዳለሁ።

እስራኤል ውስጥም ይህ ጉዳይ አለ?

አለ። በዲሴምበር 2013 ኢየሩሳሌም ላይ ከባድ በረዶ ሲወርድ ወደ ከተማዋ በሚወስዱት መንገድ 1 እና 443 ላይ ብዙ መኪኖች ታግተው ሠራዊቱ ሰዎችን አወጣ። በረዶውን ለማየት ብሎ ሽቅብ የወጣም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ በመጡት ማዕበሎች ፖሊስ እነዚህን መንገዶች ቀድሞ መዝጋት ጀመረ።

ክልከላ ሲኖር ደመወዜን ማን ይከፍለኛል?

ለእኔ ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይኸ ነው። "ለምን ወጡ?" ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሲዝናና አይደለም የወጣው። ሥራ አስኪያጁ "ካልመጣህ ሥራህ የለም" ብሎት ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል የሥራ ሕግ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ላልሠራበት ሰዓት አሠሪው እንዲከፍል አያስገድድም። ቋሚ ደመወዝ ያለውና ኦቨርታይም የማይመለከተው ሠራተኛ ግን መሥሪያ ቤቱ በበረዶ ምክንያት ከሳምንት ላነሰ ጊዜ ቢዘጋ ደመወዙ አይቆረጥም። እንግዲህ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ የሆቴል ጽዳቷ፣ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ የሚከፈላቸው በሰዓት ነው። እቤት የሚቀረው የቢሮው ሰው ሙሉ ደመወዙን ያገኛል፤ እነርሱ የቤት ኪራዩን ያስባሉ።

ክልከላን የምደግፍበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። መንግሥት "መንገዱ አደገኛ ነው" ብሎ ምክር ብቻ ሲሰጥ ውሳኔው በአለቃና በሠራተኛ መካከል ይቀራል፤ በዚያ መካከል ደግሞ ማን እንደሚሸነፍ ይታወቃል። "ዝግ ነው፤ የነዳ ይቀጣል" ሲባል አለቃውም አፉን ይይዛል። ግን ይህ ብቻውን በቂ አይደለም። ክልከላ የሚያወጣ መንግሥት በዚያ ቀን የቀረ ሠራተኛ እንዳይባረር በትእዛዙ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል። የጠፋበትንም ገቢ የሚያካክስበትን መንገድ ማሰብ አለበት። አለዚያ የክልከላው ዋጋ በደሃው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

እርስዎ አሁኑኑ ማድረግ የሚችሉት፦ በረዶ ከመምጣቱ በፊት የመሥሪያ ቤትዎን መመሪያ ያንብቡ። አለቃዎ "ና" ካለዎት በጽሑፍ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። የክልከላውን ማስታወቂያ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ኡበር ወይም ደሊቨሪ ነው የምሠራው። እኔንም ይመለከታል?

አዎ፣ በአብዛኛው። ምግብ ማድረስ ከአደጋ ሥራ አይቆጠርም። ኒውዮርክ በ2015 በብስክሌት የሚያደርሱትን ሳይቀር አግዳ ነበር። በማዕበል ዋዜማ ዋጋው ሲንር ያጓጓል፤ ይገባኛል። ክልከላው ከጀመረ በኋላ ግን አፑ ክፍት መሆኑ ፈቃድ አይደለም።

ነርስ ነኝ። አረጋውያን ቤት የምሠራም ጓደኛ አለችኝ። እኛስ?

የሆስፒታል ሠራተኛ በአብዛኛው ይፈቀድለታል። የአረጋውያን መንከባከቢያና የቤት ለቤት እንክብካቤ ግን እንደ ትእዛዙ አጻጻፍ ይለያያል፤ አስቀድመው አሠሪዎን ይጠይቁ። የሥራ መታወቂያዎንና የአሠሪዎን ደብዳቤ ይያዙ። ከተቻለ ደግሞ ማዕበሉ ከመጀመሩ በፊት ገብተው እዚያው ይደሩ፤ ብዙ ሆስፒታሎች ለዚህ አልጋ ያዘጋጃሉ። ፈቃድ ያለው መኪናም ቢሆን በረዶው ያው ነው።

በረዶ አይቼ አላውቅም፣ አዲስ ገብቼ ነው። ምን ልወቅ?

አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ዓመታት መንዳት እዚህ ብዙም አይጠቅምም። የመጀመሪያውን ክረምት በቀላል በረዶ ቀን ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ፍሬን መያዝ ይለማመዱ። የካውንቲዎን የአደጋ መልእክት በስልክዎ ይመዝገቡ፤ ብዙ ጊዜ ክልከላው በመጀመሪያ የሚነገረው በዚያ ነው። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናትና አባት ካሉዎት መልእክቱን እርስዎ ይንገሯቸው።

መንገድ ላይ ከቀረሁስ?

ይህን ክፍል ለሚወዱት ሰው ያሳዩልኝ።

ከመኪናዎ አይውጡ። በውሽንፍር ውስጥ ጥቂት እርምጃ ርቀው መኪናቸውን ማግኘት ያቃታቸው ብዙ ናቸው። ሞተር ከማስነሣትዎ በፊት የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ይዩ፤ ተደፍኖ ከሆነ ይጥረጉት። የተደፈነ ጭስ ማውጫ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ እየመሰለ ይገድላል። ሞተሩን በሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ያስነሡ። በዚያ ጊዜ ነፋስ በማይመታው በኩል ያለውን መስኮት ትንሽ ይክፈቱ። በረዶው እየጨመረ ስለሚሄድ ጭስ ማውጫውን ባስነሡ ቁጥር ደግመው ይዩ። ደማቅ ጨርቅ በሩ ወይም አንቴናው ላይ ይቋጥሩ። ያሉበትን ቦታ ለቤተሰብ አስቀድመው ይላኩ፤ ስልክዎ ሲዘጋ አይቻልም።

በበረዶ ወራት ነዳጅዎ ከግማሽ አይውረድ። ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ ትንሽ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ አካፋና የስልክ ቻርጀር ከመኪናዎ አይጥፉ።

ክልከላው ለስንት ጊዜ መቆየት አለበት?

መንገዱ እስኪጠረግ ብቻ። ከረዘመ ሰው መታዘዙን ይተዋል፤ አይፈረድበትም። ቤት ውስጥ መድኃኒት ያልቃል፣ ወተት ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። ባፋሎ ላይ በዲሴምበሩ ማዕበል በእግራቸው ከወጡት መካከል ምግብ ፍለጋ የወጡ ነበሩ። ስለዚህ ክልከላ ሲታወጅ ምግብና መድኃኒት እንዴት እንደሚደርስ፣ ማሞቂያ የጠፋበት ሰው ማን ዘንድ እንደሚደውል አብሮ መነገር አለበት።

ቦታም መለየት አለበት። በሐይቅ ዳር አካባቢ በረዶው በቀጭን መስመር ነው የሚወርደው፤ አንዱ ሰፈር ተቀብሮ ሌላው ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በኖቬምበር 2022 ኤሪ ካውንቲ ክልከላውን በየከተማው እየለየ ያነሣው በዚህ ምክንያት ነበር። በዲሴምበሩ ግን የባፋሎ ከተማ ክልከላ እስከ 28 ለ29 አጥቢያ እኩለ ሌሊት ቆይቷል፤ ስድስት ቀን ያህል መሆኑ ነው። በካናዳዋ ሴንት ጆንስም በጃንዋሪ 2020 በአንድ ቀን 76 ሴንቲ ሜትር ወርዶ የአስቸኳይ ጊዜው 8 ቀን ዘልቋል። እዚያ ግን ከተማው በየመሃሉ የምግብ መደብሮች ለተወሰነ ሰዓት እንዲከፈቱ ፈቅዶ ነበር። ሰው ተሰልፎ ገዝቶ ተመለሰ፤ ጠራጊዎቹም ሥራቸውን ቀጠሉ።